ባለጡንቻዎቹ የአሜሪካ መኪኖችና የጸሐፊው ወረቀት

ውድ የዕድራችን አባላት፤

የመጽሔታችን ኮሚቴ ጽሑፍ አቅርቡ ባለን ጊዜ «ስለ ምን እንጻፍ?» ብለን ብዙ አሰብን። እኛ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን፣ ዕድሜያችንን በመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርድ ስንሞላና ደረሰኝ ስንቆርጥ የፈጀን ጡረተኞች ነን። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኛ የምናውቀው መኪናና ወረቀት ነው። ስለዚህ ዛሬ የአንድ ዓይነት መኪና ታሪክ እናወጋችኋለን፤ ታሪኩም መጨረሻው ላይ ወደራሳችን ደጃፍ ይመጣልና በትዕግሥት አንብቡልን። የአሜሪካን ነገር ስናነሣ ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ የራሳችንን ስንጠቅስ ግን «ዓ.ም.» ብለን እንለየዋለን።

በ1962 ዓ.ም. ገደማ ተማሪዎች ሳለን የአዲስ አበባ መንገድ የትንንሽ መኪና መንገድ ነበር። ታክሲው ሴይቼንቶ ነው፤ የግሉ ቮልስ ነው፤ ደህና ኑሮ ያለው ፔዦ ይይዛል። አንድ ቀን ታዲያ በፒያሳ በኩል ስናልፍ ኮፋኖው ረዥም፣ ኋላው አጭር የሆነ ቀይ መኪና መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ሲያጉረመርም ደረታችን ድረስ ተሰማን። አንድ ሊስትሮ «ሙስታንግ ነው፣ የአሜሪካ ነው» አለን። ሙስታንግ ማለት የዱር ፈረስ መሆኑን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መኪናው ሄደ፤ እኛ ግን ትምህርት ቤት አርፍደን ደርሰን ተገረፍን።

በ1968 ዓ.ም. መጋዘን ስንቀጠር ከመደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጡ የአሜሪካ መኪና ካታሎጎች አገኘን። መኪኖቹ ለኛ አገር አልመጡም ማለት ይቻላል፤ ሥዕላቸው ግን መጥቷል። በምሳ ሰዓት ዳቧችንን እየቆረስን ያንን ሥዕል እናገላብጥ ነበር። እንግሊዝኛው ባይገባንም ቁጥሩ ይገባናል። ጸሐፊ ደግሞ ቁጥር ካየ አይረሳም።

ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ! በ2015 ዓ.ም. ክረምት እኛ ባልና ሚስት ሚሺጋን ወደምትኖረው ልጃችን ዘንድ ሄድን። ሚሺጋን ዲትሮይት ያለችበት ክፍለ ግዛት ነው፤ ዲትሮይት ደግሞ የአሜሪካ መኪና የተወለደባት ከተማ ነች። ነሐሴ 13 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ልጃችን «አባዬ፣ ዛሬ የምትወደውን ነገር አሳይሃለሁ» ብላ ውድዋርድ ወደሚባለው ጎዳና ወሰደችን። ዕለቱ ቡሄ ነበር፤ ባለቤታችንም ፍልሰታን እየጾመች ነው። አገር ቤት ቢሆን የምንሰማው የጅራፍ ጩኸት ነበር። እዚያ የሰማነው ግን በልጅነታችን ፒያሳ ላይ የሰማነውን ድምፅ ነው፤ ያውም የአንድ መኪና ሳይሆን የሺህ መኪና።

ውድዋርድ ተራ መንገድ አይደለም። በአሜሪካ በኮንክሪት ከተሠሩት መንገዶች የመጀመሪያው አንድ ማይል በ1909 የተሠራው በዚሁ ጎዳና ላይ ነው። ከዲትሮይት መሐል ተነሥቶ ፖንቲያክ እስከምትባለው ከተማ ይዘልቃል። በ1960ዎቹ የዲትሮይት ወጣቶች ማታ ማታ መኪናቸውን እያወጡ የሚፎካከሩበት መንገድ ነበር። በ1995 ፈርንዴል የምትባል ትንሽ ከተማ ነዋሪዎች ለልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ማሠሪያ ገንዘብ ለማግኘት ብለው የድሮ መኪኖችን ጠሩ፤ ከጠበቁት በላይ ሰው ጎረፈ፤ ከዚያም በየዓመቱ በነሐሴ ወር የሚከበር በዓል ሆነ። ልብ አድርጉ፤ የሰፈር ሰዎች ለሰፈር ልጆች ብለው ባዋጡት ነገር ነው የተጀመረው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። አሜሪካኖች እነዚህን መኪኖች «መስል ካር» ይሏቸዋል፤ ባለጡንቻ መኪና ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ነው። መካከለኛ ወይም አነስ ያለና ዋጋው ለወጣት የሚቀመስ መኪና ይወስዱና፣ ለትልቅ መኪና የተሠራውን ከባድ ሞተር ይተክሉበታል። ከዚያ በፊትም ሙከራ ነበር፤ በ1949 ኦልድስሞቢል «ሮኬት 88»፣ በ1955 ደግሞ ክራይስለር 300 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና አውጥተዋል። ነገር ግን ዘመኑን የከፈተው የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ነው ይባላል።

አወላለዱም የሚያስቅ ነው። ጀነራል ሞተርስ የሚባለው ትልቁ ኩባንያ በ1963 መጀመሪያ ላይ ክፍሎቹ ሁሉ ከእሽቅድምድም እንዲወጡ አዘዘ። የፖንቲያክ ክፍል ስሙን የገነባው በእሽቅድምድም ነበርና ጨነቀው። ጆን ዴሎሪያን የሚባሉት ዋና መሐንዲስና ባልደረቦቻቸው፣ ቢል ኮሊንስና ራስ ጊ፣ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። የኩባንያው ደንብ በመካከለኛ መኪና ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች ማለትም ከ5.4 ሊትር በላይ ሞተር እንዳይገባ ይከለክላል። እነሱ ግን 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ 6.4 ሊትር የሆነውን የትልቁን መኪና ሞተር ሌማንስ በሚባለው መካከለኛ መኪና ውስጥ ከተቱት። ታዲያ ደንቡን እንዴት አለፉት? አዲስ መኪና ነው አላሉም፤ «ደንበኛው ከፈለገ በተጨማሪ ክፍያ የሚገጠም ዕቃ ነው» ብለው ወረቀት ላይ ጻፉት። ዋጋው 295 ዶላር ገደማ። ደንቡ ስለ መኪናው እንጂ ስለ ተጨማሪ ዕቃ አይናገርም! ይህች ወረቀት በኋላ ጉድ ታመጣለች፤ አትርሷት።

የሽያጭ ክፍሉ 5 ሺህ ቢሸጥ ብሎ ጠበቀ፤ በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። ሞተሩ እንደ አገጣጠሙ 325 ወይም 348 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ለማነጻጸር ያህል የኛ ሴይቼንቶ ሞተር ስምንት አሥረኛ ሊትር እንኳ አይሞላም። የአንድ ጂ.ቲ.ኦ. ሞተር የስምንት ሴይቼንቶን ያህል ነው ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ተሻሙበት ቢባል፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ከ1946 ጀምሮ በብዛት የተወለዱት ልጆች ልክ በ1964 አሥራ ስምንት ዓመት ሞላቸው። ሥራ አለ፣ ነዳጅ ርካሽ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ላይ ፎርድ ያንን ሙስታንግ በ2,368 ዶላር አወጣ፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22 ሺህ ትእዛዝ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከታተለ፤ የኦልድስሞቢል 4-4-2፣ የሸቭሮሌ ሸቬልና ካማሮ፣ የዶጅ ቻርጀር። ክራይስለር በ1966 ሄሚ የሚባለውን 7 ሊትር፣ 425 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተር ከእሽቅድምድም ሜዳ አውጥቶ ለመንገድ ሸጠ። በ1968 ደግሞ ፕሊመዝ «ሮድ ረነር» የሚባለውን አወጣ፤ ወለሉ ምንጣፍ የሌለው፣ ወንበሩ ተራ፣ ዋጋው ከ3 ሺህ ዶላር በታች። ስሙ የአንዲት የካርቱን ወፍ ስም ነው፤ ለስሙ 50 ሺህ ዶላር ለፊልም ኩባንያው ከፍለውበታል። ክላክሱም እንደ ወፏ «ቢፕ ቢፕ» እንዲል ተደረገ። በ1970 ሸቬል 450 የፈረስ ጉልበት ደረሰ፤ ጫፉም ይህ ነበር።

እንግዲህ ስናደንቅ እውነቱንም እንናገር። ሞተሩ አንበሳ ቢሆንም ፍሬኑ የበግ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጂ.ቲ.ኦ.ዎች አራቱም እግራቸው ባለ ከበሮ ፍሬን ነው፤ ደጋግመው ከያዙት ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። አሜሪካ በ1972 ብቻ በመኪና አደጋ ከ54 ሺህ በላይ ሰው ቀበረች። ሁሉም በእነዚህ መኪኖች አልሞተም፤ ቢሆንም ብዙ ወላጅ ቁልፉን ለልጁ ሲሰጥ ልቡ ይርድ ነበር። ቀብር የምናውቅ ሰዎች ነንና ይህን ሳንል ማለፍ አንችልም።

ዘመኑ አሥር ዓመት ብቻ ቆየ። በመጀመሪያ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በወጣት ነጂዎች ላይ ክፍያውን ሰቀሉት። በ1970 መጨረሻ የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ። ጀነራል ሞተርስ በ1971 ሞተሮቹን ሁሉ እርሳስ በሌለበት ቤንዚን እንዲሄዱ አድርጎ ጉልበታቸውን ቀነሰ። የመጨረሻው ዱላ የመጣው በጥቅምት 1973 ነው፤ የዐረብ አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ አንሸጥም አሉ። በአንድ ሊትር አራት ወይም አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ መኪና ማን ይፈልገዋል? ጂ.ቲ.ኦ. በ1974 ቆመ።

ይህ የነዳጅ ነገር እኛንም አልማረንም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ዋጋ ጨመረብን ብለው ሥራ ያቆሙት በዚሁ ሰበብ ነው። ከሰፈራችን ሽማግሌዎች ያን ጊዜ በእግራቸው ሥራ የሄዱ አሁንም አሉ። የአሜሪካኑን ባለጡንቻ መኪና የጣለው የነዳጅ ውድነት የኛንም ዘመን ለመገልበጥ ክብሪት ከጫሩት ነገሮች አንዱ ሆነ። ዓለም እንዲህ የተያያዘች ነች።

ከዚያ በኋላ መኪኖቹ ተጣሉ። ተማሪዎች በጥቂት መቶ ዶላር እየገዙ ነዷቸው። ሚሺጋን በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨውም ላሜራውን በላው። ብዙዎቹ ተጨፍልቀው ብረት ሆኑ። የሠሯቸው ፋብሪካዎችም አልቀሩም። ቻሌንጀርና ባራኩዳ የሚሠራበት፣ «ዶጅ ሜን» የሚባለው ግዙፍ ፋብሪካ በ1980 መጀመሪያ ተዘጋ። ፕሊመዝ በ2001፣ ኦልድስሞቢል በ2004፣ ፖንቲያክ በ2010 ከነስማቸው ቀሩ። በ1950 ወደ 1 ሚሊዮን 850 ሺህ ሕዝብ የነበራት ዲትሮይት በ2020 ሲቆጠር 640 ሺህ አልሞላችም።

ሆኖም ያ የ1964ቱ ወጣት ጎልማሳ ሆኖ ገንዘብ ሲይዝ የወጣትነቱን መኪና መፈለግ ጀመረ። የእድሳት ሥራ የመጣው እንዲህ ነው። እድሳት ማለት እኛ እንደምናውቀው ስቱኮ ለቅልቆ ቀለም መንፋት አይደለም። መኪናውን እስከ ሻንሲው ድረስ ይፈቱታል፤ ዝገቱን ጠርገው ባዶ ብረት ያደርጉታል፤ የተበላውን ላሜራ ቆርጠው አዲስ ይበይዳሉ፤ እያንዳንዷ ቡሎን ድሮ የነበራት ዓይነት ምልክት እንዲኖራት ያደርጋሉ። አንዳንዱ ጭራሽ ከዚያ ያልፋል፤ የፋብሪካው ሠራተኛ «ታይቷል» ለማለት ሻንሲው ላይ በጠመኔ የጫረውን ምልክት እንኳ ሳይቀር መልሰው ይጭሩታል። የማይታወቅ ሠራተኛ፣ ችኩል እጅ፣ አንዲት የጠመኔ መሥመር! ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ተንበርክኮ ያችን መሥመር ሲኮርጅ ማየት ያስገርማል።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ላሜራ ብቻ ሳይሆን የአንዳንዱ መኪና ሙሉ አካል እንደ አዲስ እየተመታ ይሸጣል። እንግዲህ ሁሉ ብረት አዲስ ከሆነ የድሮው መኪና የቱ ነው? መልሱ ወረቀቱ ነው። የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ ይመሳከራል፤ ከዚያም ከፋብሪካው ጊዜ የቀረ ሰነድ ይፈለጋል። መኪናው ሲገጣጠም ምን ምን እንደሚገባበት የተዘረዘረበት ወረቀት ነበር፤ ሠራተኞቹ ሥራው ሲያልቅ ከወንበሩ ምንጭ ውስጥ ወይም ከነዳጅ ጋኑ በላይ ወሽቀውት ይሄዳሉ። ያን አሮጌ ወረቀት ያገኘ ሰው ወርቅ እንዳገኘ ይቆጥረዋል። ፕሊመዝ በ1971 የሠራቸው ሄሚ ሞተር ያላቸው ተከፋች የባራኩዳ መኪኖች 11 ብቻ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ በ2014 በሐራጅ 3 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ተሸጧል። እንዲህ ያለ ዋጋ የሚከፍል ሰው «እመኑኝ» ቢሉት አያምንም።

አሁን ያቺን አትርሷት ያልናትን ወረቀት እናንሣ። ጂ.ቲ.ኦ. በ1964 እና በ1965 እንደ ተጨማሪ ዕቃ ስለተሸጠ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ሌማንስ ነው የሚለው። ራሱን የቻለ መኪና ሆኖ ቁጥር ያገኘው በ1966 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ባለጡንቻ መኪና ከተራው ሌማንስ በብረቱ ብቻ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። የሚለየው ፖንቲያክ መኪናውን ለነጋዴው ሲልክ የቆረጠው የሒሳብ ደረሰኝ ነው። እነዚያ ደረሰኞች ከ1961 ጀምሮ ያሉት ተጠብቀዋል፤ ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የሚባል ድርጅት ለጠየቀ ባለመኪና ቅጂ ይልካል። የፎርድ መዛግብትም ከ1967 ወዲህ ያሉት እንዲሁ በአንድ ሰው እጅ ተጠብቀው ለጠያቂ ይሰጣሉ።

ውድዋርድ ጎዳና ዳር ሁለት የ1964 መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው አየን። መልካቸው አንድ፣ ድምፃቸው አንድ፣ ቸርኬያቸው አንድ። የአንደኛው ባለቤት የደረሰኙን ቅጂ በመስተዋት አድርጎ አስቀምጧል። የሁለተኛው ባለቤት ጡረታ የወጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ በዕድሜ ከኛ ይበልጣል። እሱ ግን በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፎ መስኮቱ ላይ ለጥፏል። ልጃችን ተረጎመችልን፤ «ይህ መኪና ጂ.ቲ.ኦ. መስሎ የተሠራ ሌማንስ ነው» ይላል። ቀርበን ብናነጋግረው፣ ሲገዛው ጂ.ቲ.ኦ. ነው ተብሎ ነው የገዛው። ሰባት ዓመት ለፋበት። ሊጨርስ ሲል ደረሰኙን አስመጣ፤ ደረሰኙ ግን መኪናው ከፋብሪካ በትንሹ ሞተር መውጣቱን ነገረው። «ታዲያ ለምን ጻፍክበት? ማን ያውቅብህ ነበር?» ብለን አስጠየቅነው። «እኔ ስሞት ልጆቼ ይሸጡታል። ሳያውቁ ሰው እንዲያታልሉ አልፈልግም» አለን።

የመጀመሪያውን ሰው ደረሰኝ ቀርበን አየነው። በታይፕ የተመታ፣ መሥመሩ ትንሽ የተንጋደደ፣ ቁጥርና ኮድ ብቻ የሞላው ተራ ወረቀት ነው። በሥራችን እንዲህ ያለውን በሺህ የሚቆጠር ቆርጠናል። ያን የመታው ጸሐፊ ስሙን ማንም አያውቀውም። ደመወዙን ጠብቆ የሚሠራ እንደኛው ያለ ሰው ነበር። ነገር ግን የመሐንዲሱ ብረት ሲዝግ የሱ ወረቀት ቆመና ምስክር ሆነ።

ያን ጊዜ እንባችን መጣ፤ ባለቤታችን ጾሙ ያደከመን መስሏት ውሃ አቀበለችን። ምክንያቱ ሌላ ነው። በ1985 ዓ.ም. እንሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት «አሮጌ ወረቀት ቦታ ይዟል፣ ይወገድ» ተባለ። ካርዶቹን በሲባጎ አስረን፣ በኪሎ አስመዝነን፣ ለመርካቶ መጠቅለያ ነጋዴ ያስረከብነው እኛ ነን። ፊርማችንም አለበት። ከካርዱ ጋር የድሮው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ አብሮ ሄደ። ከዓመታት በኋላ አንድ የጋራዥ ባልደረባችን ጡረታ ሊወጣ ሲል የመጀመሪያ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቱ ማስረጃ ታጣለት። አብረነው የሠራን ሰዎች ቀርበን መሰከርን። «ሰነድ አምጡ» ተባልን። ሰነዱ ለውዝና ስኳር ተጠቅልሎበት አልቋል። ዘጠኙ ዓመት ሳይቆጠርለት ጡረታው አንሶ ኖረ፤ እንደዚያው ሳለ ሞተ፤ ዕድራችንም ቀበረው። አንድም ቀን አልወቀሰንም፤ እኛ ግን ሲባጎውን ያሰርንበት እጅ ዛሬም ይከብደናል።

ውድ አባላት፤ አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለከንቱ አይደለም። የዕድራችን የመጀመሪያው መዝገብ ዛሬ ያለው በዕቃ ቤት፣ ከድንኳኑና ከብረት ድስቶቹ ጎን ነው። ባለፈው ሰኔ ድንኳን ልናወጣ ገብተን አየነው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ስፌቱ ለቆ ጥቂት ገጾች ወድቀዋል። በውስጡ ዕድሩን ያቋቋሙት ሰዎች ስም፣ በየወሩ ያዋጡት ሳንቲም፣ በመጀመሪያ የቀበርናቸው ሰዎች ቀን ተጽፏል። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ አልፈዋል። ነገ አንዲት እናት «ባለቤቴ ከስንት ዓመት ጀምሮ አባል ነበር?» ብትለን የምንመልሰው ከዚያ መዝገብ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችንን እናቀርባለን። እኛ ዓይናችን ሳይደክም በእጃችን ሁለት ቅጂ እንገለብጣለን፤ ደመወዝ አንጠይቅም። ወጣቶቻችን ደግሞ ገጽ በገጽ በስልካቸው ፎቶግራፍ ያንሡልን። በየቤታችሁ የድሮ ደረሰኝ ያላችሁ አምጡና እናመሳክረው። አይጥ የበላውን ቦታ ግን በግምት አንሞላም፤ «እዚህ ላይ አልተነበበም» ብለን እንጽፋለን እንጂ። ያ የዲትሮይት ሽማግሌ በካርቶን ላይ የጻፈውን አይተናልና።

ኮሚቴው ፈቃዱ ከሆነ ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በዕድሩ ቤት እንገኛለን። እስክሪብቶውን እኛ እናመጣለን።

ቸር ይግጠመን።